የሠራተኛውን የቅዱስ ዮሴፍን በዓል ያለ ድግስ በቤተሰብ ማክበር

ጥያቄ፦ የሳቢያኗ እናት (ሚያዝያ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.)

እንደምን ሰነበታችሁ? እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። ይህን ጥያቄ ከመጻፌ በፊት ብዙ ቀን አመንትቻለሁ፤ ለሰው ሲነገር ንፉግነት ይመስላልና።

የምንኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ ነው። ባለቤቴ የብረት በርና መስኮት የሚሠራበት ትንሽ ወርክሾፕ አለው፤ እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የ11፣ የ8 እና የ4 ዓመት ልጆች አሉን። አማቴም ከእኛ ጋር ይኖራሉ። እኔና ባለቤቴ ካቶሊኮች ስንሆን እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ባለቤቴ ክርስትና የተነሣው በአባቱ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስሙም ዮሴፍ ስለሆነ፣ ሚያዝያ 23 ቀን የሚውለው የሠራተኛው የቅዱስ ዮሴፍ መታሰቢያ ለቤታችን እጥፍ በዓል ነው።

በአባቴ ቤት ይህ ቀን በትልቁ ይከበር ነበር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ቀኑ ከሠራተኞች ቀን ጋር ስለሚገጥም ሥራ ዝግ ነው፤ ስለዚህ የሥራ ጓደኞቹ ከነቤተሰባቸው ይመጣሉ፣ በግ ይታረዳል፣ ጠላው ቀደም ብሎ ይጠነሰሳል፣ እናቴም ከዋዜማው ጀምሮ ከማጀት አትወጣም። ካገባሁ በኋላ እኔም ያንኑ ቀጠልሁ። ነገሩ ግን ከዓመት ዓመት ከአቅማችን በላይ እየሆነ መጣ። ባለፈው ዓመት ለበጉ፣ ለቅቤው፣ ለለስላሳውና ለቢራው ያወጣነው ገንዘብ የተነሣው ለልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ካሰብነው የእቁብ ብር ላይ ነበር፤ ጉድለቱን ለመሙላት እስከ ኅዳር ድረስ ተንገዳግደናል። እኔም በዕለቱ ቅዳሴ አልሄድሁም፤ በዚያ ሙቀት ከምድጃ ፊት ቆሜ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን መካከለኛው ልጄ በትምህርት ቤት ስለ ቤተሰቡ በዓላት እንዲጽፍ በታዘዘ ጊዜ «ሚያዝያ 23 የበግ በዓል ነው። በዚያ ቀን እማዬ ትቆጣለች።» ብሎ ጽፎ መምጣቱ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

በዚህ ዓመት ስድስታችን ብቻ ሆነን ያለ ድግስ ልናከብር ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል። የቸገረን «ያለ ድግስ» ማለት ምን እንደሆነ ነው። በጉን ብቻ ብንቀንስ የቀረው ባዶ ቀን እንዳይሆን እፈራለሁ። ትንሹ ልጄ ረዥም ጸሎት ላይ አይቀመጥም፤ አማቴ ደግሞ ሚያዝያ 23ን የሚያውቁት በቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ጎረቤቶቻችንም በየዓመቱ ስለሚጠሩ ዘንድሮ ቀሩ ማለት ነው። በተጨማሪም መጋቢት 10 የሚውለው ዋናው የቅዱስ ዮሴፍ በዓል እያለ ሚያዝያን መምረጣችን ትክክል መሆኑን የሚያስረዳኝ ባገኝ ደስ ይለኛል። በቤታችሁ እንዲህ አድርጋችሁ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አካፍሉኝ።

ምላሽ፦ የለገሃር ጡረተኛ (ሚያዝያ 10)

ልጄ ሆይ፣ ጥያቄሽን ሳነብ አባትሽን የማውቀው መሰለኝ። እሱን ባላውቀው እንኳ ያንን ቤት ዐውቀዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ቤት በከዚራም በለገሃር አካባቢም ብዙ ነበር፤ እኔም በዚያው በምድር ባቡር ወርክሾፕ ጡረታ እስክወጣ ሠርቻለሁ።

በቅድሚያ ስለ ቀኑ ላስረዳሽ። መጋቢት 10፣ ማለትም በፈረንጆቹ ማርች 19፣ የቅዱስ ዮሴፍ ዋና በዓል ነው፤ እጅግ የቆየ ነው። የሚያዝያው ግን እኔ ልጅ በነበርሁበት ዘመን የመጣ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጲዮስ 12ኛ በሮም በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ለተሰበሰቡ ካቶሊካውያን የጣሊያን ሠራተኞች ሲናገሩ፣ ቀኑ የሠራተኛው ዮሴፍ እንዲሆን ደነገጉ። ቀኑን ያለ ምክንያት አልመረጡትም። በ1886 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን የጠየቁት ሠራተኞች በቺካጎ ደማቸው ከፈሰሰ ወዲህ ሜይ 1 በብዙ አገር የሠራተኛው ቀን ሆኖ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም ሠራተኛውን ለሌላ ከመተው ይልቅ ያው የእንጨት ሙያተኛ ዮሴፍ በመካከሉ እንዲቆም ፈለገች። እኛ ደግሞ ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ መጥቶ ሲደርስ በሐዲዱ ዳር የበቀለች ከተማ ልጆች ነን። ስለዚህ ሚያዝያን መምረጥሽ ለድሬዳዋ ልጅ የሚገባ ምርጫ ነው፤ አትጨነቂ።

አሁን ደግሞ ብዙዎች የረሱትን ልንገርሽ። በጉና ጠላው በኋላ የመጣ ነው። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ደመወዙ ለስምንት ልጆች የማይበቃ ሰው በየበዓሉ በግ ሊያርድ አይችልም ነበር። እሱ የሚያደርገው ይህን ነበር። በዋዜማው ከሥራ ሲመለስ መዶሻውን ይዞ ይመጣል። እናቴ በአመድ ታጥበዋለች፤ እሱ እጀታውን ዘይት ይቀባዋል፤ ከዚያም ነጭ ጨርቅ በለበሰው ጠረጴዛ ላይ፣ ከቅዱስ ዮሴፍ ሥዕል ሥር ያኖረዋል። እያንዳንዳችን ደግሞ የምንሠራበትን እንድናመጣ እንታዘዛለን። እናቴ ማማሰያዋን፣ ታላቅ ወንድሜ ደብተሩን፣ እኅቴ መርፌና ክሯን ታመጣለች። እኔ ምንም ስላልነበረኝ የውኃ መቅጃ ጣሳ አስቀምጥ ነበር፤ ከቦኖ ውኃ የማመጣው እኔ ነበርሁና። በማግስቱ ከቅዳሴ ስንመለስ አባቴ ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 «ይህ የጸራቢ ልጅ አይደለምን?» የሚለውን ያነብልናል። ከዚያ ዳቦ ይቆረሳል። በቃ።

ያን ጣሳ ይኸው ከስድሳ ዓመት በላይ አልረሳሁትም። በዚያ በዓል ምን እንደበላሁ ግን ከዳቦው በቀር አላስታውስም።

ባለቤትሽ የብረት ሥራ ባለሙያ መሆኑ መልካም አጋጣሚ ነው። ከወርክሾፑ መጋዙን ወይም መዶሻውን ይዞ ይምጣ፤ የብየዳ መነጽሩን ቢያመጣማ ልጆቹ ይበልጥ ደስ ይላቸዋል። አማትሽ እንዝርት ካላቸው እሳቸውም እንዝርታቸውን ያኑሩ። አዲሱ የባቡር ጣቢያ ከከተማው ርቆ ከተሠራ ወዲህ የድሬዳዋ ልጆች የባቡር ፊሽካ ሳይሰሙ እያደጉ ነው፤ ቢያንስ አያታቸው ምን ይሠራ እንደነበር በዚያ ቀን ይስሙ። ከአባትሽ የቀረ ዕቃ ካለ፣ ፋኖስም ይሁን ቆብ፣ እሱንም ከመዶሻው ጎን አድርጊው።

ምላሽ፦ ከጀጎል ውስጥ (ሚያዝያ 10)

እኅቴ፣ እኔ ሐረር ነው ያለሁት፤ የአባታችን ምክር የሚበልጠኝ ሆኖ ሳለ በምግቡ ላይ የምጨምረው አለኝ፤ ሸክሙ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነውና።

እኛ ቤት ከአምስት ዓመት በፊት ሥጋን ከዚህ በዓል ሙሉ በሙሉ አስወጣነው። መነሻችን ወጪው ነበር፤ በኋላ ግን ያላሰብነው ጥቅም ተገኘበት። በእኛ ሰፈር ግራና ቀኙ እስላም ነው፤ የእናንተም ሰፈር ከዚህ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም። ክርስቲያን ያረደውን እነሱ አይበሉም፤ እነሱ ያረዱትን የኛ ሰው አይበላም። ስለዚህ በግ ባረድን ቁጥር ለግማሹ ጎረቤት በራችንን ዘግተን ኖረናል ማለት ነው፤ «ለእነሱ ለብቻ ፍስክ ያልሆነ ነገር እንሥራ» እያልን በሁለት ድስት ስንደክም ከርመናል። ዳቦ፣ ማንጎ፣ ፈንድሻና በወተት የፈላ ሆጃ ግን ማንም ይበላዋል፣ ማንም ይጠጣዋል። ማዕዱ ሲያንስ ሰው በዛበት።

የምንሠራው እንደሚከተለው ነው። በዋዜማው ማታ የአንድ ትልቅ ድፎ ዳቦ ሊጥ ይቦካል፤ ጥቁር አዝሙድ እንጨምርበታለን። ኮባ እዚህ ስለማይገኝ በሙዝ ቅጠል ነው የምንጠቀልለው፤ ቅጠሉን ግን ቀድመሽ በእሳት ወላፈን ለብለብ ካላደረግሽው ይቀደድብሻል። ሙቀቱ ድሬዳዋ ላይ ከእኛ የባሰ ስለሆነ ሊጡ ቶሎ እንዳይኮመጥጥ እርሾውን ቀንሺ። ሚያዝያ የማንጎ ወቅት ነው፤ ለስድስት ሰው የሚበቃ ማንጎ የለስላሳ ሣጥን ያህል አያስወጣም። ምሳ ከተባለ ምስር ወጥና ሰላጣ ይበቃል። እናንተ ግን በዓሉን ከቅዳሴ መልስ ጠዋቱን ብታደርጉት ይሻላል። እኩለ ቀን ላይ ከተማው ሁሉ በሚተኛበት ሰዓት ልጅን «ተቀመጥና ጸልይ» ማለት ለጠብ መነሻ ነው።

ዳቦው ሲቆረስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቁራሾች ልጆቹ በሰሐን ይዘው ወደ ጎረቤት ይሂዱ። «ምንድን ነው?» ተብለው ሲጠየቁ የሚመልሱትን ግን ቀድመሽ አለማምጃቸው። የእኔ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት «የዮሴፍ ልደት ነው» ብላ ጎረቤታችን ለባለቤቴ ሸሚዝ ገዝተው መጡ፤ ባለቤቴ ዮሴፍ እንኳ አይባልም።

ምላሽ፦ የገንደ ቆሬ ሰው (ሚያዝያ 11)

ሁላችሁንም አክብሬ የተለየ ሐሳብ አለኝ። «በቀላሉ»፣ «በቤተሰብ ብቻ» የሚለው አነጋገር አሁን አሁን በየቤቱ እየተለመደ ነው፤ በሠርጉም፣ በክርስትናውም፣ በተዝካሩም እየሰማነው ነው። የኑሮ ውድነቱን የማልክድ ቢሆንም፣ በእኛ ባህል በዓል ማለት በር የሚከፈትበት ቀን ነው። ጥያቄ ያቀረቡት እናት ባለፉት ዓመታት ሲጠሩ ከነበሩት መካከል ያንን ቀን የሚጠባበቁ ሰዎች እንደነበሩ አስበው ይሆን? ብቻዋን የምትኖር አሮጊት፣ ዘመድ የሌለው የቀን ሠራተኛ፣ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ብቻ ሥጋ የሚቀምስ ሰው በየሰፈሩ አለ። ለእንዲህ ያለው ሰው የሚላከው የዳቦ ቁራሽ ከግብዣ ጋር አይተካከልም። ሰሐን መላክና ሰውን አጠገብ ማስቀመጥ ይለያያሉ።

ደግሞም ቀኑ የሠራተኛ ቀን ነው እያልን፣ በዚያው ቀን በታይዋን ገበያ ዕቃ ተሸክመው የሚውሉትን፣ ሥራ ቢዘጋ የዕለት ገቢያቸው የሚዘጋባቸውን ሰዎች ረስተን መዶሻችንን በነጭ ጨርቅ ላይ ብናስቀምጥ ቅዱስ ዮሴፍ ደስ የሚለው አይመስለኝም። አርባ ሰው አትጥሩ፤ እሺ። ሆኖም አንድ ሰው ጥሩ። ያውም ብድሩን የማይመልስላችሁን፣ በሚቀጥለው ወር የማይጠራችሁን ሰው።

ምላሽ፦ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር፣ ሐረር (ሚያዝያ 12)

እኅታችን፣ ያነሡት ጉዳይ በየቁምስናው የሚነሣ ስለሆነ በዝርዝር ለመመለስ እሞክራለሁ።

በሥርዐቱ በኩል፣ የመጋቢቱ ዐቢይ በዓል ሲሆን የሚያዝያው የመታሰቢያ ቀን ነው፤ ይህም ማለት ቅዳሴ መሄድ እጅግ መልካም ቢሆንም ባይችሉ በደል አይሆንብዎትም። ዘንድሮ ሚያዝያ 23 ዓርብ ይውላል። ይሁንና ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለነበረ ቀኑ በበዓለ ኀምሳ ውስጥ ነው፤ አማትዎም በዚያ ዓርብ ስለማይጾሙ ወተቱም ሆጃውም ለሁሉም ይሆናል። የሚቀጥለውን ዓመት ግን ከአሁኑ ያስቡበት። በ2019 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 24 ስለሚውል ሚያዝያ 23 ቅዳሜ ስዑር ነው፤ በዚያ ቀን ዳቦና ማንጎ ይዞ በዓል ማክበር አይታሰብም። የዚያን ዓመት መጋቢት 10ን በጾም ዳቦ ማክበር ይሻላችኋል።

ስለ አማትዎ የጻፉት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልግ ይመስለኛል። እሳቸው ቅዱስ ዮሴፍን አያውቁም ብለው አይነሡ። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሐምሌ 26 ቀን የጸራቢውን የዮሴፍን ዕረፍት ታስባለች፤ በወርኀ ጽጌ ደግሞ የእመቤታችንን ስደት ስትዘክር አረጋዊው ዮሴፍ ከአህያዋ ጎን አለ። ምናልባት ከልጆችዎ ይልቅ ስለ ስደቱ አብልጠው የሚያውቁት አያታቸው ናቸው። ስለዚህ ጠረጴዛው ዙሪያ ስትቀመጡ የግብፅን መንገድ ታሪክ እንዲያወሩ እሳቸውን ይጠይቁ። እሳቸው ዮሴፍን ሽማግሌ አድርገው ሊያወሩ ይችላሉ፤ በእኛ መጻሕፍት ላይ ያሉት ሥዕሎች አንዳንዴ ጎልማሳ ያደርጉታል። በዚህ ላይ በልጆች ፊት ክርክር አያስፈልግም፤ ወንጌሉ ዕድሜውን አልጻፈም። እንዲያውም ከአራቱ ወንጌላውያን አንዱም ከዮሴፍ አፍ የወጣ አንድ ቃል አልጻፈልንም። ተኝቶ ሳለ በሕልም ይነገረዋል፤ ይነሣል፤ የታዘዘውን ያደርጋል። ለልጅ ከዚህ የሚቀልል ትምህርት ማግኘት አይቻልም።

ጠዋት እሳቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክብረ በዓል ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ይሄዳሉና እስኪመለሱ ዳቦው አይቆረስ። ይህችን አንዲት ነገር ካደረጋችሁ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። መጋቢት 10ም ቢሆን በእሳቸው ዘንድ ባዶ ቀን አይደለም፤ ቅዱስ መስቀሉ የተገኘበት ቀን ሆኖ ይታሰባል።

ለትንሹ ልጅዎ የምመክረው አለኝ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ በ2015 እ.ኤ.አ. ፊሊፒንስ ማኒላ ውስጥ ለቤተሰቦች ሲናገሩ፣ በጠረጴዛቸው ላይ የተኛ ቅዱስ ዮሴፍ ምስል እንዳላቸውና ችግር ሲገጥማቸው በወረቀት ጽፈው ከምስሉ ሥር እንደሚያስቀምጡት ተናግረው ነበር። በኋላም ከታኅሣሥ 2020 እስከ ታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ያለውን ጊዜ የቅዱስ ዮሴፍ ዓመት ብለው አውጀዋል፤ ጲዮስ 9ኛ በ1870 ቅዱሱን የመላይቱ ቤተ ክርስቲያን ጠባቂ ብለው ከሰየሙ 150 ዓመት መሙላቱን ምክንያት በማድረግ ነበር። እኛ ቤት የተኛው ምስል ስለሌለ ሥዕሉን እንጠቀማለን። መጻፍ የሚችል ይጽፋል፤ የማይችል ይሥላል። ወረቀቱ ተጣጥፎ ከሥዕሉ ጀርባ ይገባል፤ ማንም አያነብበውም። ከዚያ አንድ «አባታችን ሆይ» ይደገማል። ከዚህ የረዘመ ጸሎት ለአራት ዓመት ልጅ አይጠየቅም፤ መቁጠሪያውን ማታ እርስዎና ባለቤትዎ ትደግማላችሁ።

የገንደ ቆሬው ወንድማችን ያሉትንም ዝም ብዬ አላልፈውም። አነጋገራቸው ጠንከር ቢልም ቃላቸው የወንጌል ቃል ነው፤ በሉቃስ ምዕራፍ 14 የተጻፈው ይኸው ነው። «አንድ ሰው ጥሩ» ያሉት ከበጉ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

የሳቢያኗ እናት (ሚያዝያ 13)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባባ፣ የአባቴ የፋኖስ መብራት ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል፤ እርስዎ ባያነሡት ኖሮ ትዝ አይለኝም ነበር። የገንደ ቆሬው ወንድማችን ባሉት መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ባለቤቴ ወርክሾፕ ውስጥ ብረት የሚያወርድና የሚጭን አንድ የገጠር ልጅ እንዳለ አስታወሰኝ። ከሥራው በቀር ከእኛ ጋር ቁጭ ብሎ አያውቅም። እሱን እንጠራዋለን። ስድስት ያልሁት ሰባት ሆነ።

የገንደ ቆሬ ሰው (ሚያዝያ 13)

ቃሌ ሻክሮ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ልጁን ስትጠሩት «ና ብላ» ብቻ አትበሉት፤ የሥራ ዕቃውን ይዞ ይምጣና ከመዶሻው ጎን ያስቀምጥ። አለዚያ እንግዳ ሳይሆን ተመጽዋች ይሆናል።

የሳቢያኗ እናት (ሚያዝያ 26)

የሆነውን ላሳውቃችሁ ቃል ባልገባም፣ ምክራችሁን ተቀብዬ ዝም ማለት ነውር ስለመሰለኝ ጻፍሁ።

ሁሉም እንዳሰብነው አልሄደም። በዋዜማው መብራት ስለጠፋ ዳቦውን በከሰል ላይ ጋገርነው፤ ከሥሩ አረረ። የሙዝ ቅጠሉን ለብለብ ማድረግ የሚለውን ረስቼ ሁለቱ ተቀደዱብኝ፤ ሦስተኛውን ጎረቤታችን ከግቢያቸው ቆርጠው ሰጡኝ። ትንሹ ልጄ ጸሎቱ ሳይጀመር ማንጎ ይዞ ተገኘ። ጠረጴዛው ግን አምሮበት ነበር። የባለቤቴ መዶሻ፣ የአባቴ ፋኖስ፣ የእኔ የሒሳብ ማሽን፣ የትልቋ ልጄ ኮምፓስ፣ የመካከለኛው እርሳስ፣ የአማቴ እንዝርት ተደረደሩ። ትንሹ የሚያመጣው ሲያጣ ቢያለቅስ አያቱ ለዶሮዎቹ እህል የሚበትንበትን ጣሳ ሰጡት። አባባ፣ እርስዎን አስበን ሳቅን። እንግዳችን የብረት ሸክም ሲሸከም ትከሻው ላይ የሚያደርገውን ጆንያ አጣጥፎ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ለማውጣት አፍሮ ቆይቶ በመጨረሻ ከፋኖሱ ሥር አስቀመጠው። ነጩ ጨርቅ ዝገት ስለነካው ማጠብ አለብኝ፤ ገና አላጠብሁትም።

አማቴ ከቅዱስ ጊዮርጊስ የተመለሱት ከረፋዱ አራት ሰዓት አልፎ ነበር፤ ጠብቀናቸዋል። ስለ ግብፅ መንገድ እንዲያወሩ ስጠይቃቸው መጀመሪያ «እናንተ ታውቁ የለም ወይ» አሉ፤ ከዚያ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል አወሩ፤ መምህሩ እንዳሉትም ዮሴፍን ሽማግሌ አደረጉት። ትልቋ ልጄ አፏን ልትከፍት ስትል በዓይኔ ከለከልኋት። ባለቤቴ ያነበበው አንዱን ጥቅስ ብቻ ነው፤ ድምፁ ስለተቆራረጠ ቶሎ ጨረሰው።

ወደ ጎረቤት ከተላኩት ሦስት ሰሐኖች ሁለቱ በዚያው ቀን ማታ ተመለሱ፤ አንዱ ተምር፣ ሌላው ሳምቡሳ ተደርጎበት ነበር። በየዓመቱ ይጠሩ ከነበሩት መካከል አንዲት ሴት ቅር እንዳላቸው ሰምቻለሁ፤ እሑድ ቡና አፍልቼ ልጠራቸው አስቤያለሁ። ወጪውን ለጠየቁኝም፣ ካለፈው ዓመት ወጪ አንድ ዐሥረኛውን አልሞላም፤ እቁቡ አልተነካም።

ለ2019 መጋቢት 10ን ይዘናል። አማቴ የጾም ዳቦውን ራሳቸው እንደሚጋግሩ ከአሁኑ ተናግረዋል፤ የእኔን ያረረ ዳቦ አይተዋልና።